ለአረጋውያን ቤት ስንሠራ፦ ከመጠለያ ወደ ቤተሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥርቱ ትእዛዛት መካከል ተስፋ የተያያዘበት ትእዛዝ ነው (ዘፀ. 20፥12፤ ኤፌ. 6፥2)። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ለእግዚአብሔር መባ ሰጥተናል በሚል ምክንያት ወላጆቻቸውን ከመርዳት የሚሸሹትን ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)። በመስቀል ላይ ሳለም እመቤታችንን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል፤ ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ ወስዷታል (ዮሐ. 19፥26-27)። እንግዲህ አረጋውያንን መጦር ለክርስቲያን ሲመቸው የሚሠራው፣ ሳይመቸው የሚተወው በጎ አድራጎት ሳይሆን የእምነቱ ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ በዘመናችን በምን ዓይነት ቤት፣ በምን ዓይነት አኗኗር ይፈጸም የሚለው ግን አስተውሎት የሚፈልግ ጥያቄ ሆኗል።

የዘመናችን ፈተና

ቀድሞ አረጋውያን በልጅ ልጆቻቸው ተከበው፣ ጎረቤት እየጠየቃቸው ይኖሩ ነበር። ልጅ ያልነበራቸው ወይም ከዓለም የተለዩ እማሆዮች ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ቀልሰው፣ ደወል እየሰሙ፣ ምእመናን ከሚያመጡት እየተመገቡ በጸሎት ይጸኑ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ልጆች ለሥራና ለትምህርት ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ በመሄዳቸው ሳስቷል።

በአዲስ አበባ ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። ጉልበታቸው የደከመ እናት ከላይኛው ፎቅ ወርደው ማስቀደስም ሆነ ሐዘን መድረስ ይቸገራሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆቻቸውን ተከትለው የሄዱ ወላጆችም፣ ልጆቹ ለሥራ ሲወጡ፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር በአፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ። ጧሪ አላቸው፤ የሚያጫውታቸው ግን የላቸውም።

የቀደሙ አባቶች ሥራ

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ጀማሪ አይደለችም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ከጸናው ረኃብ በኋላ፣ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኆች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆኑ ቤቶችን አሠርቷል። በዚያም ሐኪሞችና አገልጋዮች ነበሩ። ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ሥፍራ እንደ አዲስ ከተማ ቈጥሮ አመስግኖታል። ንጽጽሩ ብዙ ያስተምረናል፤ ከተማ ሰው አልጋ ይዞ ብቻ የሚተኛበት ሳይሆን የሚሠራበት፣ የሚጸልይበትና ከሌላው ጋር የሚኖርበት ነውና።

በዘመናችን የታዩ አዳዲስ አሠራሮች

ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የአረጋውያንን ቤት ከሆስፒታል አምሳል አውጥተው ወደ ቤተሰብ አምሳል ለመመለስ የጣሩ ባለሙያዎች ተነሥተዋል።

በአሜሪካ ዶክተር ቢል ቶማስ የተባሉ ሐኪም የጀመሩት «ግሪን ሀውስ» የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2003 በሚሲሲፒ ግዛት፣ በቱፔሎ ከተማ ተተገበረ። በአንድ ቤት ውስጥ ከ10 እስከ 12 የሚደርሱ አረጋውያን ይኖራሉ። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍልና መታጠቢያ አለ፤ ወጥ ቤቱ ክፍት ሲሆን ምግቡ በዓይናቸው ፊት ይሠራል፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያም ይበላል።

በኔዘርላንድ፣ ከአምስተርዳም አቅራቢያ የሚገኘው «ሆጌቬይክ» የመርሳት ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች የተሠራ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ ስድስት ሰባት እየሆኑ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ በቅጥሩ ውስጥ ጎዳና፣ ሱቅ፣ ካፌና የአትክልት ሥፍራ ስላለ ሳይጠፉና ሳይታሰሩ ወጥተው ይገባሉ። መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ፣ አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጅ እንዳይንቀው ያዘዘውን ስናስብ፣ ይህ አሠራር ለእኛም ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ እንረዳለን።

በዚያው አገር በዴቬንተር ከተማ «ሂዩማኒታስ» በተባለ የአረጋውያን ቤት፣ ተማሪዎች የቤት ኪራይ ሳይከፍሉ ይኖራሉ። በምላሹም በወር 30 ሰዓት ከአረጋውያኑ ጋር ያሳልፋሉ።

በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ስደተኛ ወላጆቻቸውን ወደ ሩቅ ተቋም ለመላክ ያልፈለጉ ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ኦን ሎክ» የተባለ የቀን መዋያ መሠረቱ። አረጋውያኑ ቀን ሕክምና፣ ምግብና ጨዋታ አግኝተው ማታ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ። ይህ በስደት ላሉ አጥቢያዎቻችን በቀላሉ የሚጀመር አርአያ ነው።

በአገራችንም አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቶ ያኖራል። ጎዳና ለወደቀ ሰው መጠለያና ምግብ ሁሉን ይቀድማል፤ ከላይ ያየናቸው አሠራሮችም ይህን የሚተኩ ሳይሆኑ ቀጣዩን ደረጃ የሚያሳዩ ናቸው።

በሕንፃው አሠራር ሊታሰብ የሚገባው

የአረጋውያን ክብር በጥቃቅን ነገሮች ይጠበቃል። መኝታቸው በምድር ቤት ቢሆን ይመረጣል። በደረጃ ፈንታ የሚሠራው መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ካጠረ ለተሽከርካሪ ወንበር ይቀጥናል። በሮች ከ80 ሴንቲ ሜትር ያልጠበበ መተላለፊያ፣ መጸዳጃ ቤቱ የሚደገፉበት ብረትና የማያንሸራትት ወለል ይኑረው። በሌሊት ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ብርሃን እንዳያጣ ማድረግም ብዙዎችን ከመውደቅና ከአጥንት ስብራት ያድናል። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው በንድፍ ማስገባት፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከማፍረስ እጅግ ይቀላል።

ቤተ ክርስቲያን የምትጨምረው

የተሟላ ቤት ሁሉ ግን ለክርስቲያን ሙሉ ቤት አይሆንም። የጾም ምግብ በማይታወቅበት፣ የንስሐ አባት በማይገባበት፣ ሥጋ ወደሙ በማይደርስበት ሥፍራ የሚኖሩ አባት ሥጋቸው ቢጠገብም ነፍሳቸው ትራባለች። የሰማንያ አራት ዓመቷ ሐና ከቤተ መቅደስ ሳትለይ በጾምና በጸሎት ታገለግል ነበር (ሉቃ. 2፥36-38)። እርጅናዋ ከአገልግሎት አላስወጣትም። ስለዚህ በምንሠራው ቤት አረጋውያን ተረጂዎች ብቻ ሊሆኑ አይገባም። ዳዊት የሚደግሙ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያዩትን የሚተርኩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ጥጥ የሚፈትሉ ናቸውና ይህን የሚያደርጉበት ቦታና ጊዜ ይዘጋጅላቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ መበለቶችን በመዝገብ ስለ መርዳት ሲያስተምር፣ ልጆችና የልጅ ልጆች በቅድሚያ ለወላጆቻቸው ብድራት እንዲመልሱ አዝዟል (1ኛ ጢሞ. 5፥4)። የቤተ ክርስቲያን ቤት ልጅ ለሌላቸው መጠጊያ፣ ልጅ ላላቸው ደግሞ ለቤተሰቡ አጋዥ ይሁን እንጂ ልጆች ከአደራ የሚያመልጡበት በር አይሁን።

ምን እናድርግ?

ሁሉም አጥቢያ መንደር መሥራት አይችልም፤ ሁሉም ግን መጀመር ይችላል። ሰበካ ጉባኤያት በአጥቢያቸው ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን ይመዝግቡ። ሰንበት ትምህርት ቤቶች በየሳምንቱ የሚጠይቋቸውንና በእሑድ ደግፈው ለቅዳሴ የሚያመጧቸውን ወጣቶች ይመድቡ። መሬት ያላቸው አድባራት ለኪራይ የሚሆን ሕንፃ ሲያቅዱ፣ ከምድር ቤቱ ጥቂት ክፍሎችን ለአረጋውያን ይለዩ። በውጭ የሚገኙ አጥቢያዎች ከሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን አዳራሻቸውን ለቀን መዋያ ይክፈቱ። የጽዋ ማኅበራትም ጽዋቸውን አልፎ አልፎ ከቤት መውጣት በማይችሉ አባቶችና እናቶች ቤት ያድርጉ።

ነቢዩ ዳዊት በእርጅናው ዘመን እንዳይጣል፣ ጉልበቱ ባለቀ ጊዜ እንዳይተው እግዚአብሔርን ለምኗል (መዝ. 70፥9)። ይህን ልመና ዛሬ በአጠገባችን የሚለምኑ ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱ የምንሠራው ቤት እኛም በተራችን የምንገባበት እንደሆነ እያሰብን እንሥራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።