«ደመወዙ ስንት ነው?» ብቻ አይበቃም

ውድ ተመራቂ እህትና ወንድሞቻችን፣ ብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች «ልዩ ልዩ ጥቅማ ጥቅሞች አሉት» ይላሉ። ጥቅማ ጥቅም ቀጣሪ ሠራተኛ ለመሳብና እንዳይለቅበት ለማድረግ ከደመወዝ በላይ የሚሰጠው ነው፦ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ ቤት፣ ሕክምና፣ ቦነስ፣ የሠራተኛ ብድር። ከመፈረማችን በፊት አራት ነገር እንይ።

1. መብትን ከጥቅማ ጥቅም እንለይ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ ለእናት 120 ቀናት የወሊድ ፈቃድ፣ ለአባትም 3 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይገባል። ለጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። እነዚህን ብቻ የሚዘረዝር ቀጣሪ ከሕጉ በላይ ምንም አልጨመረም።

2. ወደ ብር እንቀይረው። አምቦ ከተማ ውስጥ መሥራትና ሙገር አካባቢ ወዳሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች መሄድ ወጪያቸው አንድ አይደለም። ለምሳሌ በቀን ለትራንስፖርት 40፣ ለምሳ 100 ብር ብናወጣ፣ በ26 የሥራ ቀናት 3,640 ብር ይሆናል። ስለዚህ ሰርቪስና ምሳ ያለው የ10,000 ብር ሥራ፣ ሁለቱም ከሌሉት የ12,000 ብር ሥራ ይሻላል።

3. ጁሙዓን እንጠይቅ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 እረፍት መሆኑ የተለመደ ነው። በግል ድርጅት ግን በድርጅቱ የሥራ ሰዓትና ሺፍት ይወሰናል። ከተቀጠሩ በኋላ ከመጨቃጨቅ በቃለ መጠይቁ ዕለት በትህትና መጠየቅ ይቀላል። ቀጣሪውም ይህን ቢያመቻች ብዙ ሳያወጣ ታማኝ ሠራተኛ ያቆያል።

4. ብድሩን እንመርምር። ባንኮች ሠራተኛን የሚያቆዩበት ዋናው መንገድ በአነስተኛ ወለድ የሚሰጡት የቤትና የመኪና ብድር ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ብዙ ጊዜ ብድሩ ወደ ገበያው ወለድ ይዞራል ወይም ቶሎ ክፈል ይባላል፤ ስለዚህ መልቀቅ ይከብዳል። ለእኛ ደግሞ ወለዱ ቢያንስም ሪባ ነው። «ለሠራተኛ ከወለድ ነፃ አማራጭ አላችሁ?» ብለን እንጠይቅ። ብድሩን የማንወስድ ከሆነም ከጥቅሙ ሒሳብ እናውጣው።

የተስማማንበት ሁሉ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። አላህ ሐላልና በረካ ያለው ሪዝቅ ይወፍቀን።