የጦፈው የቡና ክርክር

(ድምፅ፦ ሙቀጫና ዘነዘና)

ተራኪ፦ ጅማ፣ ጊንጆ። ቡናው ተቆልቷል፤ አቦል እስኪደርስ ጨዋታ ይነሳል። "ቡና የተገኘው የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አፍታም አይወስድም፦ ጮጬ! ጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አጠገብ። ያንኑ ጥያቄ ከፋ፣ ቦንጋ ላይ ብታነሱ ደግሞ ማንኪራ ትባላላችሁ። ሁለቱም ወገን አይለዝብም።

እኛ ጋዜጠኞች ከዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ጋር የተቆራኙ ቃላት አሉን። ክርክሩ ሁልጊዜ "የጦፈ"፣ ውዝግቡ "የከረረ" ነው። እሰጥ አገባው "ቀጥሏል" እንልና ወደ ስፖርት እናልፋለን። ጦፏል ካልን በኋላ ማን ምን ይዞ እንደሚከራከር የሚጠይቅ የለም።

(ምስል፦ የፍየል መንጋ)

እነዚህ የካልዲ ፍየሎች ናቸው፤ ጅማ ላይ ኻሊድ የሚሉትም አሉ። ፍሬውን በልተው የፈነጠዙትን ፍየሎች የማያውቅ ልጅ የለም። ታሪኩን በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ምሁር ነው፤ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ፣ በላቲን። እረኛ አለ፤ እንቅልፍ ያጡ ከብቶች አሉ፤ ጉዳዩ ግራ ገብቶት መነኮሳቱ ዘንድ የሄደ ሰው አለ። ካልዲ የሚል ስም ግን የለም። ፍየል ይሁኑ ግመል እንኳ አልለየለትም። አገሩም ዓረቢያ ነው። ጮጬ የለችበት፣ ማንኪራ የለችበት!

እዚህ ላይ የፕሮግራማችን መንገድ ተቀየረ። ተረቱ ለማንም አይመሰክርም። የሚመሰክረው ዛፉ ነው፤ ዐረቢካ ቡና ደግሞ ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የከፋንም የያዩንም ደን በባዮስፌር ጥብቅነት መዝግቧል።

ታዲያ ይህ "የጦፈ ክርክር" ነው? ክርክር ቢሆን ኖሮ ስለ ዛፉ እንሟገት ነበር። ይህ የባለቤትነት ውዝግብ ነው። ብሔራዊው የቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ መቆሙ፣ ጎብኚው ወዴት እንደሚነዳ፣ ከረጢቱ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ፤ ሙግቱ እዚህ ላይ ነው። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በስሙ ይጠራ እንጂ። በደርግ ዘመን ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ግን ጅማ ኦሮሚያ ውስጥ ነች፣ ከፋ ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ፕሮግራም ስለ ቡና መገኛ ስንናገር "ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ" እንላለን። ጮጬም ማንኪራም እዚያው ናቸው።