ጨዋታን ያልተወ ሰው

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት በገዛ ቤቴ የሆነውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ሁለተኛው ልጄ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበረ። ከአልጋው ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን ነበረው፤ በውስጡም ቆርኪ፣ የወለቀ አዝራር፣ የተበላሸ የራዲዮ ሆድ ዕቃ፣ ከመንገድ የተለቀመ ሽቦና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ታጭቆ ነበር። ለትንሣኤ በዓል ቤቱ ሲጸዳ እኔ ሣጥኑን አንሥቼ ከቆሻሻው ጋር ሰጠሁት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር አየ፤ አላለቀሰም፤ ምንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሽቦ መኪና መሥራቱን ተወ። ይህን ያስተዋለችው እናቱ ናት፤ እርስዋም የነገረችኝ ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ነገሩን ያስታወሰኝ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በመካኒሳ የተሠራው የዞማ ቤተ መዘክር ነው። ይህን ቤተ መዘክር ያቆሙት ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ትርኢት አዘጋጅዋ ወይዘሮ መስከረም አሰግድ ናቸው። ሁለቱ ዞማ የተባለውን የሥነ ጥበብ ማዕከል የመሠረቱት በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2002 ሲሆን፣ የመካኒሳው ቤተ መዘክር ለሕዝብ የተከፈተው በ2019፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው።

አቶ ኤልያስ የተወለዱት በ1968 በአዲስ አበባ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በ1990 ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ብዙ ወላጅ ቢያየው «ይህ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነበርን?» የሚያሰኝ ነው። በቀለምና በብሩሽ ፈንታ አዝራርና ክር አነሡ፤ መርፌ ይዘው ሸራ ላይ ሰፉ። ልጄ በሣጥኑ ያጠራቀመውን ዓይነት ዕቃ እርሳቸው ጎልማሳ ሆነውም አልጣሉትም ማለት ነው።

ኋላም ወደ ሽቦው መጡ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ምናለሽ ተራን ያውቃል፤ በዚያ ሌላው የጣለው ብረት፣ ቆርቆሮና ጀሪካን ተለይቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ታድሶ እንደ ገና ይሸጣል። አቶ ኤልያስ ከመርካቶ የሚገዙት የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን፣ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችንና የፊደል ቁልፎችን ነው። ሽቦው እንደ ሴት ልጅ ጠጕር ይጐነጐናል፤ ከዚያም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይያያዛል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ቢያስፈልግ ቀለም አይቀባም፤ ያ መልክ ያለው የፕላስቲክ ልባስ እስኪገኝ ይጠበቃል እንጂ። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን የሞተ ኮምፒውተር አንጀት ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል፤ በ2019ም በዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሸልሟቸዋል።

የመካኒሳው ግቢ ራሱ በዚሁ መንገድ የተገኘ ነው። ቦታው አስቀድሞ የተበከለ መሬት ነበረ። መሬቱን አጽድተው፣ አትክልት ተክለው፣ ቤቶቹን በጭቃና በጭድ ሠሩ። የጭቃን ሥራ የገጠር ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አፈሩ ከጭድ ጋር ተደባልቆ፣ በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ከርሞ ሲቦካ ነው የሚያጣብቀው። አቶ ኤልያስ በዚህ በቦካ ጭቃ ላይ ግድግዳውን እንደ ጥልፍ አስጊጠውታል። እኛ የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው ብለን በብሎኬት ለመተካት ስንሽቀዳደም፣ እነርሱ ያንኑ አፈር እንግዳ ሊያየው የሚመጣ አደረጉት። በግቢው ውስጥም የሕፃናት ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ጨዋታ ለልጅ ነው፤ ዐዋቂ ሰው ቁም ነገር ይያዝ የሚል አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ እኔም ሣጥኑን የጣልሁት በዚሁ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን የቅኔ ቤታችንን እናስብ። በዚያ ተማሪው ትናንት የቈጠረውን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው ማን ይቀበለዋል? ቃሉን ገልብጦ፣ ሰሙን ከወርቁ አጋጭቶ፣ ዕለት ዕለት አዲስ ማምጣት አለበት። ይህን ጨዋታ ነው ብንል ሊቃውንቱ የሚቈጡን አይመስለኝም፤ ጨዋታ ብቻ ነው ብንል ግን ይቈጡናል።

ሣጥን ያለው ልጅ ሁሉ ኤልያስ ስሜ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ምናልባት የእኔ ልጅ ሽቦውን በራሱ ጊዜ ይተወው ነበር፤ ሒሳብ ሹም ይሆን ነበር። ሆኖም መተው የነበረበት እርሱ ነበረ፤ እኔ አልነበርሁም።

ልጁን ይዤው ወደ መካኒሳ ሄድሁ። አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከአባት ጋር መታየት ደስ አያሰኝምና ጥቂት ርቆ ይሄድ ነበር። ከግድግዳው አጠገብ ግን ቆመ፤ የጭቃውን መስመር በዓይኑ እየተከተለ ብዙ ቆየ። ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው ውስጥ የሽቦውን ሥራ ፎቶግራፍ አሳየሁት። አጠገቡ አቅርቦ አየና እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ዕቃ እንደ ወጣ ይነግረኝ ጀመር፤ እኔ የማላውቃቸውን ስሞች ሳይቀር። ከዚያም ዝም አለ። ቤታችን ስንደርስ «አባባ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለው የተበላሸው ቴፕ ያስፈልግሃል?» አለኝ።

አያስፈልገኝም አልሁት። ይህን ስጽፍ ገና ፈትቶ አልጨረሰውም፤ ብሎኖቹ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ በሻይ ስኒ ውስጥ ናቸው፤ እናቱም ስኒውን እንዳላነሣው አስጠንቅቃኛለች።