ቪትዝ ወይስ ያሪስ?

ሶማሌ ተራ ገብቶ «የቪትዝ ዕቃ ፈልጌ ነበር» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ሞተሩ ኤስዜድ ነው ኤንዜድ?» መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ይህ ሰፈር መኪናን የሚያውቃት በሞተር ኮዷና በሻንሲ ቁጥሯ ነው። ያገለገለች ትንሽ ቶዮታ ሊገዛ ያሰበ ሰው ቪትዝ ትሻላለች ወይስ ያሪስ ብሎ ደላላ ከመጠየቁ በፊት ይህን አጠያየቅ ቢለምድ ብዙ ብር ያድናል።

በመሠረቱ ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ጃፓን ውስጥ ቪትዝ ብሎ አወጣት፤ አውሮፓ ላይ ያሪስ ተባለች። ቅርጿን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነው። በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች፤ በ2001 ደግሞ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ቫለንሲየን አጠገብ በተተከለው አዲስ ፋብሪካ መሠራት ጀመረች። መለያየታቸው የሚጀምረው ከመሪው ነው።

ጃፓን መንገዱን በግራ ይይዛል፤ ስለዚህ ለጃፓን የተሠራች ቪትዝ መሪዋ ቀኝ ነው። እኛ በቀኝ እንነዳለን። ከጃፓን ተነስተው በዱባይ በኩል ከመጡት መካከል እዚያው መሪያቸው ወደ ግራ ዞሮ የመጡ አሉ። ዋናው አውሮፓ ሲነዳባት የኖረችው ያሪስ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ መሪዋ ግራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ለሚያይ ሰው ልዩነታቸው አይታይም። የፍጥነት መቁጠሪያው ዳሽቦርዱ መሀል ላይ የተቀመጠ ስለሆነ መሪው ወደየትም ቢሄድ እሱ ብዙ መነካት አያስፈልገውም። የመጀመሪያዋ ትውልድ ለማዞር የተመቸችውም በዚህ ነው፤ ግዢ ላይ ገዢን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

መሪ ማዞር ቀላል ሥራ አይደለም። መሪው ከነዘንጉ፣ ፔዳሎቹ፣ የፍሬን ማስተሩ፣ ዳሽቦርዱና ከሥሩ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሁሉ ቦታ ይቀይራሉ። ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ላሜራ አዲስ ቀዳዳ ይወጣለታል፤ አሮጌው ይደፈናል። በዋናው ዕቃ፣ በልኩ የተሠራ እንደሆነ መኪናዋ ዓመታት ታገለግላለች። በችኮላ የተሠራ እንደሆነ ግን ፍሬኑና መሪው፣ ማለትም የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ሁለቱ ነገሮች፣ በብየዳ ተይዘው ነው የሚሄዱት። ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ማስተሩ የታሰረበትን ላሜራ በባትሪ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል። የብየዳ ጠባሳ፣ ስቱኮ ወይም ከሌላው የተለየ ቀለም ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እኔ አልገዛትም።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የጃፓን የፊት መብራት የግራውን ዳር እንዲያሳይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ካልተቀየረ እኛ መንገድ ላይ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ግድግዳ ፊት አቁሞ መብራቱን ማብራት ነው፤ ብርሃኑ ከፍ የሚለው በግራ በኩል ከሆነ መብራቱ የጃፓን ነው። ዝናብ መጥረጊያውም እንዲሁ ለቀኝ ሹፌር የተሠራ ከሆነ፣ አሁን ሹፌሩ በተቀመጠበት ጥግ ያለውን መስታወት በደንብ አይደርስለትም። ይህን ሐምሌ ላይ የነዳ ያውቀዋል። ዋናው ራዲዮ ካልተነቀለ ደግሞ ይናገራል፦ የዚያን ዘመን የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ስለነበረ ፋና 98.1ን ወይም ሸገር 102.1ን አይዝም።

ያሪስም ከነቀፌታ ንጹሕ አይደለችም። የአውሮፓ መንገድ ክረምት ላይ በረዶውን ለማቅለጥ ጨው ይነሰነስበታል፤ ያ ጨው ከሥር ያለውን ብረት ይበላል። መኪናዋን ከፍ አድርጎ ወለሉን፣ የፍሬን ቱቦዎቹንና ማርሚታውን ሳያዩ መግዛት አያዋጣም። የሄደችው ኪሎ ሜትርም ብዙ ሊሆን ይችላል፤ መቁጠሪያው የሚያሳየውን ማመን ደግሞ ለሁለቱም አይመከርም፤ ቁጥሩ ይነካካልና።

ሞተሩ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይሰፋል። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር አንብቡ። ከጃፓን የመጣችው በኤስሲፒ10 ከጀመረ የ1 ሊትሯ፣ 997 ሲሲ ያላት ኤስዜድ ናት፤ 70 የፈረስ ጉልበት። ኤንሲፒ10 ከሆነ የ1.3 ሊትር ኤንዜድ፣ 1298 ሲሲ። ኤስሲፒ13 በኋላ የመጣችው 1296 ሲሲ ኤስዜድ ናት። ኤንሲፒ13 ከሆነ ደግሞ 1496 ሲሲ ባለ 109 የፈረስ ጉልበት፣ የስፖርቷ ቪትዝ፣ አርኤስ የምትባለው ናት። የአውሮፓዋ አቻ ያሪስ ቲ ስፖርት ትባላለች፤ ሞተራቸው አንድ ነው። አውሮፓ የነበረች ያሪስ የሻንሲ ቁጥሯ 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ በጄቲ ከጀመረ ጃፓን፣ በቪኤንኬ ከጀመረ ፈረንሳይ ነው የተሠራችው። ደላላው «የአውሮፓ ናት» ብሎ ቁጥሩ በኤስሲፒ10 ከጀመረ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

1298 እና 1296 የሚሉት ቁጥሮች ለእኛ አገር ኪስ ትርጉም ነበራቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 እስከ 1300 ሲሲ ባለው መኪና ላይ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ድረስ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ 100 በመቶ ይጥል ነበር። የ1.3 ሊትሯ በሁለትና በአራት ሲሲ ከመስመሩ በታች ቀረች። አርኤስ ግን 196 ሲሲ አልፋ እጥፍ ታክስ ውስጥ ገባች። በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 የዕድሜን ክብደት ጨምሮበት አሮጌ መኪና ማስገባትን ከበድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን ምርጫው እዚሁ አገር ውስጥ ታርጋ ለጥፈው በሚሽከረከሩት መካከል ነው፤ ዕድሜያቸውን የሚያረዝመውም ሶማሌ ተራ ነው።

የፈረስ ጉልበቱን ቁጥር ግን እንዳለ አትውሰዱት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይመጥናል እንጂ የሌለ አየር አያመጣም። እንግዲህ የ1 ሊትሯ 70 እዚህ 53 ገደማ ይሆናል። አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የምታቃስተው ለዚህ ነው። የአርኤስ 109 ወደ 83 ይወርዳል፤ ይህ የ1.3 ሊትሯ ባሕር ዳርቻ ላይ ካላት 87 ጋር ይቀራረባል። ጃፓኖች ስፖርት ብለው የሸጧት መኪና መርካቶ ላይ ስትደርስ ጤነኛ፣ ዳገት የማይከብዳት የቤተሰብ መኪና ትሆናለች። ሁሉም ከአንድ ቶን በታች ስለሚመዝኑ ያች ትርፍ ጉልበት በደንብ ትሰማለች። አርኤስን በፍቅር የሚያዩ ወጣቶች አልተሳሳቱም፤ በተለይ አምስት ማርሽ ማኑዋል ካምቢዮ ያላት ከተገኘች። ሆኖም ሞላዋ ጠንካራ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ወገብ ታሳምማለች።

ዕቃ በማግኘት በኩል ኤንዜድ ይበልጣል። የ1.3ቱና የ1.5ቱ ኤንዜድ የሲሊንደር ስፋት አንድ ነው፣ 75 ሚሊ ሜትር፤ የሚለያዩት በፒስተኑ የምት ርዝመት፣ በ73.5 እና በ84.7 ሚሊ ሜትር ነው። የኤንዜድ ሞተር ፕላትዝ፣ ፕሮቦክስ፣ ኢስትና በርካታ ኮሮላዎች ውስጥም ስላለ ቴስታታ፣ ካንዴላ ወይም ሴንሰር ሲፈለግ የሚገኝበት መደርደሪያ ብዙ ነው። ኤስዜድ ዘመዷ ጥቂት ነው። ቪትዝ ከተማው ውስጥ ስለበዛች ዕቃዋ አይጠፋም፤ ግን ከተበተነ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ይበዛበታል፤ ጤነኛውን ለመለየት የሚያውቅ መካኒክ አብሮ መሄድ አለበት። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ደረሰኝ መቀበልም ያስፈልጋል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስፖኪዮ ከማን መኪና ላይ እንደተነቀለ ማንም አያውቅም።

ገንዘቡ ለሁለቱም ለሚበቃው ሰው የእኔ ምክር የ1.3 ሊትር ኤንዜድ ያላት፣ ከፋብሪካ መሪዋ ግራ የሆነ፣ ሥሯ ያልዛገ ያሪስ ናት። መሪዋ በጥንቃቄ የዞረ ቪትዝ ሁለተኛ ትመጣለች፤ ዋጋዋ ረከስ ካለና ላሜራው ንጹሕ ከሆነ አልንቃትም። የ1 ሊትሯን ሜዳ ላይ፣ ብቻውን ለሚነዳ ሰው እተውለታለሁ።

ኤስዜዱ ሲያረጅ ነቅሎ ኤንዜድ ማስገባት የሚያስቡም አሉ። ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩና ሽቦው አብረው መምጣት አለባቸው። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ስላለ ለውጡ በሕጋዊ መንገድ መመዝገብ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቦሎ ሲታደስ ወይም ስም ሲዞር ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። ሞተሯ የተቀየረ መኪና የምትገዙ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ኮፈኑን አስከፍታችሁ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ።