ኤም50 ወይስ አር50? የጀማሪ ካሜራ የሚመዘነው በቀለበቱ ነው

በአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ለካሜራ ሥራ አይጠፋም። በምርቃት ወራት የኮሜርስ ተመራቂዎች ጋውናቸውን ለብሰው ከቤተሰባቸው ጋር ፎቶ ይነሣሉ፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሰርግ ይበዛል፤ በየሕንፃው ያሉ ሱቆችና ቢሮዎችም ለቴሌግራምና ለቲክቶክ የሚሆን አጭር ቪዲዮ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ወደዚህ ሥራ ሊገባ ያሰበና በስልክ መሥራት ያልበቃው ወጣት የመጀመሪያ ካሜራውን ሲያስብ ከሚያመነታባቸው ምርጫዎች አንዱ ይህ ነው፦ ያገለገለ ካነን ኤም50 ልግዛ ወይስ ገንዘብ ጨምሬ አዲሱን አር50? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሜጋፒክስል ብዛት ወይም በተሠሩበት ዓመት ነው። ሁለቱም መለኪያዎች ግን ገዢውን ያሳስታሉ። እነዚህን ካሜራዎች ከሁሉ በላይ የሚለያቸው ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ነው። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደር በፊት መወሰን ያለበት፣ ከካሜራው ቀጥሎ ለሌንስ የሚወጣው ገንዘብ የት እንደሚገባ ነው።

ሁለቱም ሚረርለስ ከሚባለው ወገን ናቸው። የቀደሙት ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ከሌንሱ ጀርባ ዘንበል ብሎ የተቀመጠ መስተዋት አላቸው፤ ብርሃኑ በመስተዋቱ ተንጸባርቆ ወደ አንሺው ዓይን ይሄዳል፣ ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ብሎ ብርሃኑን ወደ ሴንሰሩ ያሳልፋል። ሚረርለስ ይህ መስተዋት የለውም። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ አንሺውም በጀርባው ስክሪን ወይም በዓይን ማያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ስክሪን የሚያየው ሴንሰሩ ያየውን ነው። ፎቶው ሊጨልም ወይም ከልክ በላይ ሊነጣ መሆኑን ቁልፉን ሳይጫን ያውቃል፤ ለጀማሪ ይህ ራሱን የቻለ አስተማሪ ነው። የመስተዋቱ መቅረት ሌላም ውጤት አለው፤ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ይበልጥ እንዲጠጋ ቦታ ይለቃል። የቀለበቱ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ቅርበት ነው።

ኤም50 የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2020 በመጠኑ የተሻሻለ ሁለተኛ ዙር ተከተለው። አር50 የመጣው በ2023 መጀመሪያ ነው። በመካከላቸው የአምስት ዓመት ልዩነት ቢኖርም የሴንሰራቸው ስፋት አንድ ነው፤ በግምት 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር። አሮጌው 24.1፣ አዲሱ 24.2 ሜጋፒክስል ይይዛል። ሁለቱም ባትሪና ሜሞሪ ካርዳቸውን ይዘው ከ400 ግራም በታች ይመዝናሉ፤ ሁለቱም የሚዞር ስክሪንና የማይክ መሰኪያ አላቸው፤ በሁለቱም ቦዲ ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ መሣሪያ የለም። በቀን ብርሃን በአንድ ዓይነት ሌንስ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ዋጋም ቢሆን የሚጠበቀውን ቅደም ተከተል አልጠበቀም፤ ኤም50 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ሲወጣ ያለ ሌንስ 779 ዶላር ነበር፣ አር50 ደግሞ 679 ዶላር። ፎቶ ብቻ ለሚያነሣ ሰው እንግዲህ የአምስት ዓመቱ እርምጃ ከሚወራለት ያነሰ ነው።

ትልቁ ልዩነት ያለው ሌንሱ ሲወልቅ በሚታየው ብረት ላይ ነው። ኤም50 ኢኤፍ-ኤም የተባለውን ቀለበት ይጠቀማል፤ ካነን ለመጀመሪያ ሚረርለሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። አር50 የሚጠቀመው በ2018 የመጣውን አርኤፍ የተባለ ቀለበት ነው። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ጥረቱን ወደ አርኤፍ አዙሮ የኤም ካሜራዎችን መሥራት አቁሟል። ለኢኤፍ-ኤም የተሠራን ሌንስ አር50 ላይ ማሠራት የማይቻለውም ኩባንያው ስላልፈለገ ብቻ አይደለም። በኢኤፍ-ኤም ከቀለበቱ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ በአርኤፍ 20። አሮጌው ሌንስ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው 18 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቀመጥ ነው፤ አዲሱ ቦዲ ላይ ግን ገና ሲገጠም 2 ሚሊ ሜትር ርቋል። በመካከል የሚገባ አዳፕተር ርቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ለኤም50 ተብሎ የተገዛ የኢኤፍ-ኤም ሌንስ ባለቤቱ ወደ አዲሱ የካነን ካሜራ ባደገ ቀን አብሮት አይሻገርም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምርጫው ቀላል ነበር። ነገር ግን ለሁለቱም የሚሆን ሦስተኛ የሌንስ ቤተሰብ አለ። ካነን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለባለ መስተዋት ካሜራዎቹ የሠራቸው የኢኤፍ ሌንሶች ከሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር እንዲርቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። 44 ከ18ም ከ20ም ስለሚበልጥ ክፍተቱን የሚሞላ አዳፕተር ይገባል፤ ለኤም50 26፣ ለአር50 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። አዳፕተሩ ውስጥ የሌንስ መስታወት የለበትም፤ ርቀቱን ይሞላል፣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ግንኙነትም ያስተላልፋል፤ የምስሉን ጥራት አይነካም። ያገለገለ ኤም50 የገዛ ሰው ቀጣይ ገንዘቡን በአዳፕተርና በኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ላይ ቢያውል፣ ነገ አር50 ሲገዛ የሚቀይረው ቦዲውንና አዳፕተሩን ብቻ ነው። ያው ሰው ገንዘቡን በኢኤፍ-ኤም 22 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ላይ ቢያውል ግሩም ሌንስ ያገኛል፤ ነገር ግን ያ ሌንስ ከኤም ካሜራ ውጭ አያገለግለውም።

ሌንስን ይህን ያህል ማክበድ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ ሜክሲኮን ማምሻውን ያስባት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ቀላል ባቡሩ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ሲረዝም፣ የየሕንፃው መብራት ሲበራ ያለው ብርሃን ጥቂት ነው፤ የመልስ ድግስ የሚደረግበት ሳሎንም ከዚያ የተሻለ አይደለም። ከሁለቱም ካሜራዎች ጋር በጥቅል የሚሸጠው ሌንስ ወደ 45 ሚሊ ሜትር ሲሳብ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 6.3 ላይ ይቆማል። ኤፍ 1.8 ከዚያ አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በሁለቱ ሴንሰሮች መካከል ይህን የሚያህል ልዩነት ፈጽሞ የለም። በምሽት የተሻለ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ቦዲ ከመቀየሩ በፊት ሌንስ ቢቀይር ብዙ እጥፍ ያተርፋል። ጥሩ ሌንስ ደግሞ ከቦዲ በላይ ዕድሜ ስላለው የትኛው ቀለበት ላይ እንደሚገጠም ማወቅ ግድ ይላል።

ለአዲሱ የሚከራከር ሰው ግን ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ቪዲዮ ነው። ኤም50 በ4ኬ ሲቀርጽ የሚጠቀመው የሴንሰሩን መሃል ብቻ ስለሆነ ምስሉ በወርዱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጠባል፤ በጠባብ ሳሎን ሽማግሌዎቹን ሁሉ በአንድ ምስል ለማግባት ቀራጩ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ከዚህ የባሰው፣ በ4ኬ ፈጣኑ የፎከስ ዘዴው አይሠራም፤ ፎከሱ ወደፊትና ወደ ኋላ እየሄደ ይፈልጋል። አር50 የሴንሰሩን ሙሉ ወርድ ተጠቅሞ በሰከንድ እስከ 30 ምስል በ4ኬ ይቀርጻል፤ ፎከሱ ዓይንን፣ ፊትን፣ ራስንና አካልን ለይቶ ስለሚከተል ሙሽራዋ ፊቷን ብታዞርም በቀላሉ አይስታትም። ሥራው ለስልክ ነው፣ 4ኬ ምን ያደርጋል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ኤም50 በ1080 ሲቀርጽ ያ ፈጣን ፎከስ ይሠራለታል፣ ስልክ ላይም ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ደንበኛው አንዱን ቪዲዮ አግድምም ቁምም አድርገህ ስጠኝ ሲል ነው። አግድም ከተቀረጸ 4ኬ ውስጥ ቁም ምስል ሲቆረጥ 1215 በ2160 ፒክስል ይተርፋል፤ ለቲክቶክ ከሚበቃው በላይ ነው። ከ1080 ሲቆረጥ የሚቀረው 607 በ1080 ብቻ ነው፤ ብዥ ማለቱን ደንበኛውም ያየዋል። የገቢው ምንጭ ቪዲዮ የሆነ ሰው እንግዲህ አር50ን መምረጡ አያስወቅሰውም።

አዲሱ ግን የራሱ ድብቅ ወጪ አለው። ከአር50 ጋር የሚመጣው ሌንስ ከ18 ሚሊ ሜትርና ከኤፍ 4.5 ይጀምራል፤ የአሮጌው ከ15 ሚሊ ሜትርና ከኤፍ 3.5። ለፎቶ በጥቅል የሚሸጠው የአሮጌው ሌንስ ሰፋ ያለ እይታና የበለጠ ብርሃን ይሰጣል ማለት ነው። ሌላው የፍላሽ ነገር ነው፤ በአር50 ራስ ላይ ያለው የፍላሽ መቀመጫ የቀድሞዎቹ ፍላሾች የሚነጋገሩበት መገናኛ ስለሌለው፣ ከሌላ ሰው የተገዛ ወይም የተወረሰ ፍላሽ ለማሠራት ተጨማሪ አዳፕተር ይጠይቃል። ኤም50 ያንኑ ፍላሽ እንዳለ ይቀበላል። በባትሪ በኩል አዲሱ ይበልጣል፤ 1040 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከ875 ጋር ሲነጻጸር፣ በዚያ ላይ ከተስማሚ ፓወር ባንክ በገመድ ይሞላል፤ ኤም50 ግን ባትሪው ወጥቶ በቻርጀሩ ብቻ ነው የሚሞላው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ሆኖም ሁለት ትርፍ ባትሪ የያዘ የኤም50 ባለቤትም ቀኑን ያሳልፋል።

የቀለበቱን ክርክር ሊያፈርስ የሚችለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። በዚህ ጊዜ ስለ ነገ ቀለበት የሚጨነቀው ዛሬ የተመቸው ሰው ነው ሊባል ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ገንዘብ የተትረፈረፈው ሰው የማይሻገር ሌንስ ቢገዛ ሸጦ ወይም ትቶ ሌላ ይገዛል፤ ስህተቱን መሸከም የማይችለው ሁለት ጊዜ መግዛት የማይችለው ነው። አሮጌ ካሜራ አትግዙ ማለትም አይደለም። ሶኒ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤ6000 ከኤም50 በአራት ዓመት ይቀድማል፤ ቀለበቱ ግን ከ2010 ጀምሮ እስከ ዛሬ ስላልተቀየረ ዛሬ ለእርሱ የተገዛ ሌንስ በአዲሶቹ የሶኒ ሚረርለሶችም ላይ ይሠራል። በዕድሜ የሚበልጠው ካሜራ ሰፊ ነገ አለው፣ በዕድሜ የሚያንሰው ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል። ዓመት መቁጠር መልስ እንደማይሰጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የሰርግ ሥራን በተመለከተ ለሁለቱም እኩል የሚሠራ ማስጠንቀቂያ አለ። እያንዳንዳቸው አንድ የሜሞሪ ካርድ ብቻ ይይዛሉ፤ ካርዱ ከተበላሸ የማይደገም ቀን አብሮ ይጠፋል። ደንበኞች ትንሽ ካሜራ የያዘ ሰው ባለሙያ አይመስለንም ማለታቸው ትክክለኛ መመዘኛ ባይሆንም፣ የካርዱ ነገር ግን እውነተኛ ምክንያት ነው። ሁለቱም ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለሱቅ ማስታወቂያና በሰርግ ላይ ለረዳት አንሺ ይበቃሉ፤ ዋናውን ኃላፊነት ለብቻቸው እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ይህም የቀለበቱን ክርክር ያጠነክረዋል፤ ሥራው የሰመረለት ጀማሪ ከሁለቱም ወጥቶ ባለ ሁለት ካርድ ካሜራ መግዛቱ አይቀርምና፣ አብሮት የሚሄደውን ዛሬ መምረጥ አለበት።

ፍርዱ እንግዲህ እንደ ገዢው ይለያያል። በዋናነት ፎቶ የሚያነሣ፣ ገንዘቡ የተወሰነ፣ ነገር ግን ኢኤፍ ሌንስና አዳፕተር እየገዛ ሊያድግ የወሰነ ሰው በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ያገለገለ ኤም50 ቢገዛ ምንም አልተሞኘም፤ የካሜራውን ዋጋ እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ ይቁጠረው፣ ሌንሱ ግን ሀብቱ ሆኖ ይቀራል። ቪዲዮ ዋና ሥራው የሆነ ወይም አዳፕተር መሸከም የማይፈልግ ሰው ወደ አር50 ይሂድ፤ ካነን የአርኤፍን ቀለበት በ2024 እ.ኤ.አ. ለሌሎቹ ሌንስ ሠሪዎች ለሲግማና ለታምሮን ስለከፈተው፣ እንደ ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ያለ ከጥቅሉ ሌንስ የበለጠ ብርሃን የሚያስገባ ምርጫ አለው። መወገድ ያለበት ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ኤም50 ረክሶ ስለተገኘ ብቻ ገዝቶ፣ ከዚያ በተረፈው ገንዘብ የኢኤፍ-ኤም ሌንሶችን መደርደር። በዚያ መንገድ በመጀመሪያው ቀን የተቆጠበው ገንዘብ፣ ካሜራ በሚቀየርበት ቀን ሌንሶቹን በሙሉ እንደገና በመግዛት ተመልሶ ይከፈላል።