ካዛንቺስ፦ የመሥሪያ ቤት ስም የወረሰ ሰፈር

"ካዛንቺስ ማን ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ ከመስቀል አደባባይ ወደ ላይ በምትወጣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ነው። አፌን ሳልከፍት ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ቀደሙኝ። "ጣሊያን ነው ልጄ። ትልቅ ሕንፃ ሠሪ ነበር፤ ቤቶቹን የሠራቸው እሱ ነው" አሉት። ወጣቱ አመስግኖ ዝም አለ። ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ሲል እኔም መውረጃዬ ደርሶ ነበርና ወረድኩ። "አይደለም አባባ" ሳልል መውረዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ጽሑፍ የዚያ ቀን ዕዳ ክፍያ አድርጉልኝ።

ሰፈሩ የት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። ለእንግዳ ግን ከታላቁ ቤተ መንግሥት ግርጌ ተነሥቶ ወደ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወርድ፣ መስቀል አደባባይን ከበታቹ ያደረገ ሰፈር ነው ማለት ይበቃል። በአስተዳደር ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ይመደባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ቂርቆስ ሰፈርና ካዛንቺስ ግን ለየቅል ናቸው። አንድ ወዳጄን "ቂርቆስ እንገናኝ" ብዬው እሱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ እኔ ዑራኤል ጋ ቆመን አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠባብቀናል። እባካችሁ የክፍለ ከተማ ስም ለቀጠሮ አትጠቀሙበት።

መሬቱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተዳፋት ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ በየቱቦው ወደ ግንፍሌና ወደ ቀበና ወንዞች ይንደረደራል። ቀበና ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል፤ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብቶ ይወጣና አዋሽን ያገኛል። አዋሽ ደግሞ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። ካዛንቺስ ጣሪያ ላይ የወረደች ጠብታ ጨዋማ ውኃ የምታገኘው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው። ከተዳፋቱ ሥር ደግሞ ፍልውኃ አለ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ያሏት ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ ፍልውኃ ሳቢያ ነው። ከሰፈሩ ጫፍ የቆመው ሂልተን ሆቴል የመስቀል ቅርጽ ያለው መዋኛውን የሚሞላው በዚሁ የከርሰ ምድር ትኩስ ውኃ ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ።

ካዛንቺስ የሰው ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሮም ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሥራው የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞችን በተመጣጣኝ ኪራይ ማኖር ነበር። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ "የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ብሔራዊ ተቋም" ይሆናል። በጣሊያንኛ ዋና ዋናዎቹ ቃላት ኢስቲቱቶ፣ ናሲዮናሌ፣ ካዜ፣ ኢምፒዬጋቲ፣ ስታቶ ናቸው። የአምስቱን መነሻ ፊደል ለቅመህ ብትደረድር "ኢንቺስ" የሚል ቃል ይወጣል። "ካዜ" በ"ክ" የሚጀምር ሆኖ ሳለ "ቺ" ከየት መጣ? የካዜ መነሻ ፊደል በጣሊያንኛ ከ"አ" ፊት ሲቆም "ክ"፣ ከ"ኢ" ፊት ሲቆም "ች" ተብሎ ይነበባል። ከካዜ ቀጥሎ የኢምፒዬጋቲ "ኢ" ስለገባች ክው ያለችው "ክ" ለስልሳ "ቺ" ሆነች።

"ካዛ" ማለት ቤት ነው። ተቋሙ የሠራቸው ቤቶች "ካዛ ኢንቺስ" ይባሉ ነበር፤ የኢንቺስ ቤት እንደማለት። የቀረውን የሠራው የአማርኛ አፍ ነው። የእኛ ቋንቋ ሁለት አናባቢ ጎን ለጎን ሲገጥመው አንዱን ይውጣል፤ "የእኔ" ያልነውን "የኔ"፣ "ለእናት" ያልነውን "ለናት" እንደምናደርገው ሁሉ። "ካዛ ኢንቺስ" በዚያው ደንብ "ካዛንቺስ" ሆነ። እንግዲህ "ካዛንቺስ ቤት አለኝ" የሚል ሰው ቤትን ሦስት ጊዜ ጠርቷል፤ አንዴ "ካዛ" ሲል፣ አንዴ "ቺ" በምትለዋ ፊደል፣ አንዴ በገዛ ቋንቋው። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ በስሙ የሚጠራ ሌላ ሰፈር በአዲስ አበባ አላውቅም።

ስለዚህም በየሰርግ ጥሪው፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው "ካሳንቺስ" ተብሎ ሲጻፍ ያመኛል። የ"ዛ" እና የ"ሳ" ጉዳይ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን "ካዛ" ከሄደ ቤቱ ሄደ፤ "ካሳ" ሲመጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይፈጠራል። "ካሳ የሚባል ባላባት ነበር" የሚል ማብራሪያ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስሙን በ"ዛ" ጻፉልኝ።

ጣሊያኖች አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን የፋሺስት ግዛታቸው ዋና ከተማ ሊያደርጓት ስለፈለጉ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ፕላን እንዲያወጡ ታዘዙ። የፕላኑ መንፈስ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል መለየት ነበር። የአራዳው ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ ቦታውም "የአገሬው ገበያ" ተባለ። "ገበያ" የሚለው የጣሊያንኛ ቃል እስከ ዛሬ መርካቶ እያልን የምንጠራው ነው። ለጣሊያን ሹሞችና ጸሐፊዎች ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ግርጌ ግቢና አትክልት ያላቸው ቪላዎች ተሠሩላቸው። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በተፈጸመባት ከተማ ውስጥ፣ በዚያው አምስት ዓመት፣ የወራሪው ቢሮ ሠራተኞች አበባ የሚያጠጡበት ሰፈር ይኸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ባለ ቤቶቹ ሄዱ፤ ቤቶቹና ስማቸው ቀሩ።

"ታዲያ የወራሪ ስም ለምን ይቀመጣል?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ስሙን ያቆየው ጣሊያን አይደለም የሚል ነው። ተቋሙ ራሱ በአገሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈርሷል። ስሙን በየዕለቱ በታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠራው የእኛው ረዳት ነው።

ስለዚህ ተቋም ካወቅሁት ሁሉ አብልጬ የምወደው ደግሞ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ ለስፖርተኞቹ መንደር ተሠራ። ከጨዋታው በኋላ አፓርታማዎቹ ለመንግሥት ሠራተኞች እንዲከራዩ ታስበው የተሠሩት በዚሁ በኢንቺስ ስም ነው። የሮም ኦሎምፒክ መንደርና የእኛ ካዛንቺስ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ቢለያያቸውም፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ልጆች ናቸው። በዚያ ኦሎምፒክ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨርሶ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አሸነፈ። በመንገዱ ላይ ያኔ ገና ሮም የነበረውን የአክሱም ሐውልት አልፏል። የሐውልቱን ነገር ሁሉም ይተርካል፤ የመንደሩን ነገር ግን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ የመንግሥት ደጅ እንደሆነ ቀጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተመረቀ። ከፊት ለፊቱ በ1953 ዓ.ም. በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ተከፈተ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 የአፍሪካ መንግሥታት አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም እዚያው አለ። ስለዚህ ሕንፃ ብዙ ስለተጻፈ አላስረዝምም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ።

ከዚያ አሥር ወር ቆይቶ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ቀኑ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ሐምሌ 19 ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በገብርኤል ከሚፈላው ጋን የዳኑበት ቀን ነው። በቂርቆስ በዓል የሰዉ ቤት እጅ ለወጠ። በአዋጁ መሠረት በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ፣ 100 ብርና ከዚያ በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆነ። ለመንግሥት ሠራተኛ ተብሎ በተሠራ ሰፈር ውስጥ መንግሥት እንደገና አከራይ ሆነ ማለት ነው። ካዛንቺስ ስሙን ዳግመኛ ሆኖ የተገኘው ያኔ ይመስለኛል።

አክስቴ የኖረችው በአንደኛው ቪላ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ዋናውን ቤት አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ተከራይቶት ነበር፤ ሰርቪሱን ሦስት ቤተሰብ ተካፍሎታል። ውኃው አንድ ቧንቧ፣ ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ቡናው ግን በየተራ ሦስት ጀበና ነበር። የቪላው ግድግዳ ከመወፈሩ የተነሣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ በጭቃና በባሕር ዛፍ የተሠሩ ቤቶች ጎን ለጎን ተደጋግፈው እስከ ወንዙ ይወርዱ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት ላርም። "ካዛንቺስን ጣሊያን ሠራው" ይባላል። ጣሊያን የሠራው ቪላዎቹን ነው። በቪላዎቹ መካከልና ዙሪያ የነበረውን፣ ብዙው ሰው የኖረበትን ካዛንቺስ ግን ጭቃ ረግጦ የመረገው ያገሬ ሰው ነው።

የሰፈሩ ኢኮኖሚ የቆመው በእንግዳ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ እዚህ ስለተቀመጠ ስብሰባ መጣ፤ ስብሰባ ሆቴልን፣ ሆቴል ሹፌርን፣ አስተርጓሚን፣ ልብስ አጣቢን፣ ሥጋ ቤትን ጠራ። ቀን የከረባት ሰፈር፣ ማታ የማሲንቆ ሰፈር ነበር። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ አልነበረም። አዝማሪው ልብስህን፣ ጓደኛህን፣ ያጎነበስክበትን ምክንያት አይቶ ወዲያው ስንኝ ያወጣብህ ነበር። አንተም በጆሮው ስንኝ ትነግረው፣ እሱም ይቀበልህ ነበር፤ ወርቁ የገባው ይስቅ፣ ሰሙ ብቻ የገባው ያጨበጭብ ነበር። ሽልማቱ ግንባሩ ላይ ይለጠፍ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች ውስጥ ፈንድቃን ዓለም አውቆታል። እስክስተኛው መላኩ በላይ በዚያ ቤት ለጉርሻ ሲጨፍር ቆይቶ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። ካዛንቺስን "የመጠጥ ሰፈር" እያሉ የሚያልፉ ሰዎች ይህን ይዩልኝ። እዚያ ይሸጥ የነበረው ቢራ ሌላም ቦታ ይገኛል፤ ስንኙ ግን በዚያች ማታ፣ በዚያ ቤት፣ ለዚያ እንግዳ ብቻ ይወጣ ነበር።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ እንደገና ተከፈተ። በዚያው ሰሞን የከተማዋን መንገዶች የሚያሰፋው የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ገባ፤ የቀበሌ ቤቶቹ ነዋሪዎች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዘዋወሩ፤ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። የአክስቴ ሰርቪስ ቤት የነበረበትን ቦታ ላሳይ ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ መብራቱ ያምራል። ደፉ ላይ የተቀመጥኩበት መስኮት የት ጋ እንደነበር ግን ልነግራት አልቻልኩም።

እናንተ የካዛንቺስ ልጆች፣ አሁን የትም ብትሆኑ፣ ከሣጥናችሁ ውስጥ በዚያ ሰፈር የተነሣ የልደት ወይም የሰርግ ፎቶግራፍ አይጠፋም። ከኋላችሁ ግድግዳ፣ በር ወይም አጥር ይታያል። ፎቶግራፉን ገልብጡና ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የሰፈሩንም ስም በ"ዛ" ጻፉት።