የገና ዱላ ጭንቅላት ሲያገኝ

በእንጦጦ ተዳፋትም ሆነ በጃንሜዳ ሣር ላይ ገና ሲጫወቱ ያየ ሰው ዱላው ሁልጊዜ ኳሷን፣ ሩሯን፣ እንደማያገኝ ያውቃል። ቅልጥም ያገኛል፣ ጣት ያገኛል፤ ሁለት ተጫዋቾች ለአንዲት ሩር አጎንብሰው ሲሻሙ ደግሞ ጭንቅላት ያገኛል። ገና በባህሉ ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት፣ የተመታም የማይቆጣበት ቀን ነው። ልማዱ ቂም እንዳይያዝ በጅቷል። ለሐኪም ግን አይመችም፤ ማጉረምረም ነውር በሆነበት ሜዳ የተመታ ልጅ «ዞረብኝ» ብሎ አይወጣም።

ዱላ ሲወነጨፍ እጅ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ የተቆለመመው ጫፍ ግን በዚያው ቅጽበት ሰፊ ቦታ ያካልላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከትከሻ በላይ ተነሥቶ የወረደ ዱላ ከጉልበት በታች ከተሰነዘረው ጋር አይወዳደርም። በበረዶ ሆኪ ከፍ ያለ ዱላ ሰው ከነካ፣ ሆን ተብሎ ባይሆንም፣ ያስቀጣል።

የአዋቂ አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ ይኖራል። ራስ ድንገት ሲዞር የራስ ቅሉ ይቀድማል፣ አንጎል ይዘገያል፤ በዚህ መሐል ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ከተለጠጠው ሴል ፖታሲየም ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ይህን ወደ ቦታው ለመመለስ ሴሉ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ የደም ፍሰቱ ግን በዚያው ሰዓት ይቀንሳል። የአንጎል መናወጥ የሚባለው ይህ ነው። ደም ላይኖር ይችላል፤ ሲቲ ስካንም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም። ሄልሜት ቢሆን የራስ ቅልን ከስብራት ያድናል እንጂ አንጎል በውስጥ እንዳይዞር ብዙም አያግደውም።

ሄልሜት ካልበቃ፣ የእንጦጦ ከፍታስ ይረዳል? እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ላይ የወጣ ጥናት ከፍ ባሉ ሜዳዎች መናወጡ በ30 በመቶ ያህል ቀንሶ እንደተገኘ ዘግቧል። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነውና የእኛ ሰው ደስ ሊለው ይችላል፤ ግን ጥናቱ «ከፍታ» ያለው ከ196 ሜትር በላይ ያለውን ነው! በዚህ መለኪያ ሰመራም ደጋ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በኮሌጅ ተጫዋቾች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አገኘ። እኔ በተራራው አልመካም።

ይልቅ የካናዳው ማስረጃ ያሳምነኛል። በአልበርታ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በረዶ ሆኪ ሲጫወቱ በአካል መግጨት ይፈቀድላቸው ነበር፤ በኩቤክ አይፈቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ንጽጽር የአልበርታ ልጆች የጉዳት አደጋ ከኩቤኮቹ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። ሁለቱም ሄልሜት አድርገው፣ ያንኑ ጨዋታ በበረዶ ላይ ነበር የሚጫወቱት፤ ዋናው ልዩነት ደንቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አገሪቱ በዚህ ዕድሜ መጋጨትን ከለከለች።

እኛም ጋ በባህል ስፖርት ውድድሮች ገና ዳኛና ደንብ አለው። በሰፈር የበዓል ጨዋታ ግን ዳኛው ብዙ ጊዜ የተከበረ ሽማግሌ ነው፣ እሱም ካለ። ፊሽካው ደም ሲታይ ሳይሆን ዱላ ከትከሻ በላይ ሲነሣ ቢነፋ ግማሹ ሥራ ይቀላል። የተመታውን ደግሞ ይጠይቀው፦ የመጨረሻዋን ማን አገባ? ስንት ለስንት ናችሁ? ከተደናገረ ወይም ከዘገየ የዚያን ቀን ጨዋታው አበቃ። በትክክል ቢመልስም ራሱን ካመመው፣ ከዞረበት ወይም ብርሃን ከረበሸው አይመለስም፤ ያላገገመ አንጎል ሁለተኛ ምት ሲያገኘው ጉዳቱ ይብሳልና። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ለመንቃት ከተቸገረ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ከጃንሜዳ የካቲት 12 ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ለየካ ሰው ደግሞ ምኒልክ አለ።